ጓርኒሲዮኑን ከመቀየራችን በፊት

በዚህች አጭር ጽሑፍ ላነሣው የፈለግኩት ጉዳይ ከመማሪያ ክፍል ይልቅ ለግቢያችን የቀረበ ነው። በዓይደር አሮጌ መኪና ግቢ ውስጥ ተፈትቶ ማየት ብርቅ አይደለም። ቴስታታው ጆንያ ላይ ተቀምጦ፣ ቡሎኑ ጣሳ ውስጥ ናፍጣ ተነክሮ፣ ጎረቤት ከቦ ይመክራል። ሥራው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ የተቃጠለ የቴስታታ ጓርኒሲዮን መቀየር። መጽሐፋችን ሄድ ጋስኬት ይለዋል። ጋራዡ ግን እንደ ካምቢዮውና እንደ ፍሪሲዮኑ ሁሉ ከጣሊያንኛ የወረሰውን ስም አልለቀቀም፤ እኔም በዚያው ስም እጠራዋለሁ።

አቋሜ አጭር ነው። ይህን ሥራ እቤት መሥራት ነውር የለውም፤ እንዲያውም ሊደገፍ ይገባዋል። ነገር ግን ጓርኒሲዮን መቀየር ብቻውን ጥገና አይባልም። የመጀመሪያው ለምን እንደተቃጠለ ሳይታወቅ አዲስ ማስገባት፣ ለሚቀጥለው ቃጠሎ ቀጠሮ መያዝ ነው። አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይሉ የለ?

በመጀመሪያ፣ አሮጌው መኪና በቅርቡ ከመካከላችን የሚሄድ እንዳይመስለን። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን እጅግ አስወደደው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። የኤሌክትሪክ መኪና የመግዛት አቅም የሌለው ቤተሰብ ምን ያደርጋል? ያለችውን ዲኤክስ ይዞ ይቀጥላላ!

እኛ አካባቢ ደግሞ ሌላም ምክንያት አለ። በጦርነቱ ጊዜ፣ በተለይ ከ2013 ዓ.ም. ማብቂያ እስከ 2015 ዓ.ም. መጀመሪያ በነበረው ከበባ፣ ባንክ ተዘግቶ፣ ነዳጅና መለዋወጫ ጠፍቶ ነበር። ያኔ አሮጌ ጓርኒሲዮን ተጠርጎና ብርማ ቀለም ተቀብቶ ተመልሶ ይገባ ነበር። የተበላሸ ቴርሞስታት ወጥቶ ይጣላል፤ ኩላንት ስለሌለ የቧንቧ ውሃ ይሞላል። ታዲያ ምን ምርጫ ነበር? ያንን ያደረጉ መካኒኮች በሽተኛ የምታደርስ መኪና እንዳትቆም አድርገዋልና ምስጋና እንጂ ወቀሳ አይገባቸውም። ችግሩ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ጥቅምት 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያው ስምምነት ተፈርሞ መንገድ ሲከፈት መለዋወጫ እንደገና መግባት ጀመረ፤ የጭንቁ ቀን ዘዴ ግን ልማድ ሆኖ ቀረ። ዛሬም «ቴርሞስታቱን አውጣው፣ ይቀዘቅዝልሃል» የሚል ምክር በየግቢው ትሰማላችሁ።

ይህ ምክር ለምን እንደማያዋጣ ለማወቅ የመቀሌን ከፍታ ማስታወስ ይበቃል። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,200 ሜትር አካባቢ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ በ100 ሳይሆን በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የብዙ መኪኖች ቴርሞስታት ደግሞ የሚከፈተው በ82 ወይም በ88 ዲግሪ ነው። በጤነኛ ሞተር ሙቀትና በመፍላት መካከል ያለው ርቀት ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ ልብ በሉ! ያንን ርቀት የሚያሰፋልን የራዲያተሩ ክዳን ነው። 0.9 የሚል የተጻፈበት ጤነኛ ክዳን ግፊቱን ይዞ ውሃው ከ110 ዲግሪ በላይ ካልሆነ እንዳይፈላ ያደርጋል። የክዳኑ ስፕሪንግ ከላላ ወይም ላስቲኩ ከተበላ ግን ወደ ክፍቱ ድስት ተመለስን ማለት ነው። በባሕር ጠረፍ ከተማ መኪናውን ለጊዜው የሚያዘልቅ ክዳን እኛ ዘንድ ሞተር ያቃጥላል።

ቴርሞስታት ማውጣትም ክዳኑን አይጠግነውም። በቀዝቃዛ ጠዋት ሞተሩ ቶሎ አይሞቅም፣ ቤንዚን ይበላል፣ ፒስተኑና ሲሊንደሩም ይፋጃሉ። ዳገት ላይ ደግሞ መፍላቱ አይቀርም።

ሞተሩ ሲፈላ ደግሞ ጉዳቱ ጓርኒሲዮኑ ላይ ብቻ አይቆምም። የዲኤክስ ቴስታታ አሉሚኒየም፣ ብሎኩ ብረት ነው። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረት እጥፍ ያህል ይለጠጣል። በቡሎን ታስሮ መለጠጫ ሲያጣ ይጣመማል። ለብዙ ትናንሽ የቤንዚን ሞተሮች ማኑዋሉ የሚፈቅደው ጥመት 0.05 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፤ ከፀጉር ክር ይቀጥናል። ይህንን በዓይን አይቶ «ደህና ነው» ማለት የሚችል ሰው ማን ነው?

አንድ የማውቀውን ልንገራችሁ። የአጎቴ ዲኤክስ በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ጋራዥ ገብታ ጓርኒሲዮን ተቀይሮላት ነበር። ሁለቱም ጊዜ ተከፍሏል፤ ሁለቱም ጊዜ ቴስታታው አልተለካም። ለሦስተኛ ጊዜ የግራካሱን ዳገት ስትወጣ ፈላች፤ የሞተር ዘይቷም ማኪያቶ መሰለ። ግቢ ውስጥ ስንፈታት የረዱን ሰፈሩ አቦይ እያለ የሚጠራቸው አንጋፋ መካኒክ ናቸው። ቡሎኑን ከዳር ወደ መሐል በየተራ አላሉት፤ አስታዎቹን ቀዳዳ በተበሳ ካርቶን ላይ በቅደም ተከተላቸው ሰኩ። ከዚያ በተዋስነው ቀጥ ያለ ማስመሪያና ፊለር ጌጅ ለካን። 0.15 ሚሊ ሜትር! ቴስታታው ቶርኖ ቤት ሄዶ ተላገ። የራዲያተሩን ክዳን ስናይ ስፕሪንጉ ሞቷል። ሁለት ጓርኒሲዮን የበላው ከሁሉም ርካሹ ዕቃ ነበር።

መግጠሙ ላይ ስንደርስ አቦይ «ወደይ፣ እጄ ልኩን ያውቃል» አሉኝ። «አቦይ፣ ግድ የለም እንለካው» አልኳቸው። በእጃቸው ካጠበቁት በኋላ በቶርክ መፍቻ ስንፈትሽ አንዱ ጠብቆ ሌላው ላልቶ ተገኘ። ሳቁና ሁሉንም አላልተው፣ ማኑዋሉ እንደሚለው ከመሐል ወደ ዳር በሦስት ዙር አጠበቁት። መፍቻውንም አገላብጠው አይተው «ይህቺን ለእኔም ፈልግልኝ» አሉ።

በዚህ ጉዳይ ሁለት ዓይነት ተቃውሞ እሰማለሁ። አንዳንድ የክፍል ጓደኞቼ «ኢንጂነር ግቢ ውስጥ መኪና አይፈታም፣ ጋራዥ ውሰደው» ይላሉ። ነገር ግን ሳይለካ የሚገጥም ጋራዥና ሳይለካ የሚገጥም ግቢ በምን ይለያያሉ? ልዩነቱ የጣሪያው ስፋት ነው። አንዳንድ የእጅ ባለሙያዎች ደግሞ «ይህ ልምድ እንጂ ሂሳብ አይፈልግም» ይላሉ። ልምዳቸውን አከብራለሁ፤ አስታዎቹን በካርቶን መስካት ከየትኛው ሌክቸር ተማርኩ? ይሁን እንጂ የልምድ እጅ 0.05 ሚሊ ሜትርን አይዳስስም።

ስለዚህ ለዲፓርትመንታችን የማቀርበው ሐሳብ እንዲህ ነው። አንደኛ፣ የሞተር ትምህርት ላይ እያንዳንዱ ተማሪ አንድ ቴስታታ ፈትቶ፣ ለክቶና ገጥሞ ይለፍ። ሥዕሉን አስታውሶ ፈተና ማለፍ አይበቃም። ሁለተኛ፣ ላቦራቶሪያችን በወር አንድ ቅዳሜ ለአካባቢው መካኒኮችና መኪናቸውን ራሳቸው ለሚጠግኑ ሰዎች ይከፈት። ቴስታታቸውን ተሸክመው ይምጡ፣ እኛ እንለካላቸው፤ የራዲያተር ክዳናቸውንም እንፈትሽላቸው። ወጪው ትንሽ ነው። እነሱ መለኪያውን ከእኛ ያገኛሉ፤ እኛ ደግሞ የእነሱን እጅ እናያለን።

አሮጌ መኪና ለብዙ ቤተሰብ እንጀራ ነው። የሚያስገባው አዲስ ጓርኒሲዮን የመጨረሻ ጥሪቱ ሊሆን ይችላል። ያንን ገንዘብ በግምት እንዳያቃጥል መርዳት ከቻልን፣ የተማርነው ቴርሞዳይናሚክስ ከጥቁር ሰሌዳው ወርዶ ዓይደር ገባ ማለት ነው። እናንተስ ምን ትላላችሁ? በሚቀጥለው እትም ሐሳባችሁን እጠብቃለሁ።

ቸር ይግጠመን!