አነጋገራችን ይጥራ፤ የውሰት ምላስ ግን ይቅርብን

ጓደኞቻችን፣ መምህሮቻችንም!

ባለፈው ሰሞን በአንድ የመማሪያ ክፍል አንድ ወንድማችን ጥናቱን ሊያቀርብ ቆመ። እንደ ብዙዎቻችን ከኮልፌ ቀራንዮ በታክሲ ተጋፍቶ የሚመጣ ልጅ ነው። በእንግሊዝኛ «ስኩል» ለማለት «እስኩል» ቢል ከኋላ ወንበር ሳቅ ተነሣ። መምህሩም ፈገግ አሉ። ልጁ ወረቀቱን አጥፎ ተቀመጠ። ያሰበውን ነገር እስከ ዛሬ የሰማ የለም። የከሰረው እርሱ ብቻ ነውን? እኛም ነን እንጂ!

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የሁለተኛ ደረጃና የከፍተኛ ትምህርት በእንግሊዝኛ እንዲሰጥ ደነገገ። ስለዚህ ቋንቋው ለእኛ ጌጥ አይደለም፤ የእንጀራ ጉዳይ ነው። የሚሳቅበት ተማሪ አይጠይቅም፤ የማይጠይቅም አይማርም።

«የፈረንጆቹን ቃና ያዙ» ይሉናል። የየትኞቹን? ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሲከፈት የመሩት ዶክተር ሉሲየን ማት ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ካናዳዊ ነበሩ። በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ህንዳውያን አስተማሩ፤ በ1955 ዓ.ም. የሰላም ጓድ አሜሪካውያን ተጨመሩ። የዚያን ጊዜ ተማሪዎች ሁሉንም በየቃናው ሰምተው ተምረው ወጡ።

ይልቁንም የገዛ ሰፈራችንን እንጠይቅ። ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. የውትድርና ትምህርት የተማሩት እዚሁ ኮልፌ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ በፕሪቶሪያ ፍርድ ቤት ቆመው በእንግሊዝኛ የተናገሩትን ዓለም ሰማ። አነጋገራቸው የኮሳ ልጅ መሆናቸውን ይመሰክር ነበር። «መጀመሪያ ቃናዎን ያስተካክሉ» ያላቸው ማን ነው?

እስቲ ራሳችንንም እንመርምር። አንድ ፈረንጅ «ቀ»ን «ከ»፣ «ጠ»ን «ተ» እያደረገ፣ የሚጠብቀውን እያላላ፣ በዓሉን «ገና» ካልደረሰው «ገና» ቢያደባልቅብን «ጎበዝ! አማርኛ ቻለ» ብለን እናጨበጭባለን። የአገራችን ልጅ ሲሳሳት ግን እንስቃለን። ይህ ራስን መናቅ ካልሆነ ምን ይባላል?

ይህን ስንል እንደ ልብ እናበላሽ ማለታችን አይደለም። መጥራትና መምሰል ለየቅል ናቸው። የቋንቋ ምሁሯ ጄኒፈር ጄንኪንስ እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ያልሆነ ሰዎች ሲነጋገሩ መግባባትን የሚያፈርሰውን ከማያፈርሰው ለይተዋል። በግንና መርከብን የሚለየው የአናባቢ እርዝመት ሊጠበቅ ይገባል። በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ዋናው ቃል ጎላ ማለት አለበት። በቃል መጀመሪያ የተደራረቡ ተነባቢዎች አይጣሉ። ምላስን በጥርስ መካከል አውጥቶ የሚነገረውን ድምፅ «ዝ» ወይም «ስ» ማድረግ ግን ብዙ አይጎዳም። ድምፅ ከመጣልም መጨመር ይሻላል። እንግዲህ ያ የተሳቀበት «እስኩል» ማንን አደናገረ? ሁላችንም ገብቶናል፤ ባይገባን ኖሮ መቼ እንስቅ ነበር?

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህ ነው። መምህሮቻችን የሚያደናግረውን ያርሙልን፤ ስለ ቃና ግን ማርክ አይቀንሱብን። እኛም ተማሪዎች በየቡድናችን ድምፃችንን ከፍ አድርገን፣ ሳንጣደፍ ማንበብ እንለማመድ። ሳቁም ዛሬውኑ ይቁም።

የሰው ወርቅ አያደምቅ። ያ ወንድማችን ወረቀቱን ዘርግቶ እንደ ገና ይቁም፤ እኛም እስኪጨርስ እንስማው።