ኳንተም ሰምና ወርቅ አይደለም

«የኳንተም ቁርኝት ማለት የእኛው ሰምና ወርቅ ነው» የሚል ፈሊጥ በሥነ ጽሑፍ ወዳጆች ዘንድ ደጋግሜ ሰምቻለሁ። ቅኔን ያከበረ የሚመስለው ይህ ንግግር ቅኔንም ሳይንስንም ይበድላል። በቅኔ ወርቁ ከሰሙ ሥር አስቀድሞ አለ፤ ባለቅኔው አኑሮታል፣ ሰሚው ሰሙን አቅልጦ ያገኘዋል። የቁርኝት ሙከራ ያፈረሰው ግን ይህንኑ አስቀድሞ የመቀመጥ ሐሳብ ነው።

እስቲ ሁለት የቆሎ ተማሪዎች ከአንድ ጉባኤ ቤት ይለያዩ እንበል፤ አንዱ ወደ እስቴ መካነ ኢየሱስ፣ ሌላው ወደ ጋይንት ነፋስ መውጫ። በየደረሱበት ፈታኝ ከሁለት ጥያቄዎች አንዱን በዕጣ ይጠይቃቸዋል። መልሱ «አዎን» ወይም «አይደለም» ብቻ ነው፤ አዎን +1፣ አይደለም −1 ተብሎ ይቆጠራል። የሁለቱን መልስ እናባዛ፤ ከአራቱ የጥያቄ ጥንዶች የሦስቱን አማካይ ደምረን የአራተኛውን እንቀንስ። ተማሪዎቹ ሳይለያዩ ተማክረው፣ ኋላም ሳይላላኩ ከመለሱ ውጤቱ ከ2 አይበልጥም። የነፋስ መውጫው ተማሪ ለሁለቱ ጥያቄዎች የያዛቸው መልሶች ወይ አንድ ናቸው ወይ ተቃራኒ፤ አንድ ከሆኑ ልዩነታቸው፣ ተቃራኒ ከሆኑ ድምራቸው ዜሮ ይሆናልና።

ጆን ቤል እ.ኤ.አ. በ1964 የከፈተው መንገድ ይህ ነው። የተቆራኙ ቅንጣቶች ግን እስከ 2.83 ሊደርሱ ይችላሉ። እ.ኤ.አ. በ2015 በኔዘርላንድስ ዴልፍት፣ 1.3 ኪሎ ሜትር በተራራቁ ሁለት ቤተ ሙከራዎች 245 ጊዜ ተሞክሮ 2.42 ተገኘ።

ክርክሩ የቆመው በቁርጡ መልስ ላይ ነው። ተማሪው የማይመቸውን ጥያቄ በዝምታ ቢያልፍ፣ እኛም ዝምታውን ከቁጥር ብናወጣ፣ የተማከሩ ተማሪዎች እንኳ ከ2 ማለፍ ይችላሉ። በቀደሙት የብርሃን ሙከራዎች ብዙ ቅንጣቶች ሳይመዘገቡ ያመልጡ ስለነበር ጥርጣሬው ለዓመታት ቆየ። በዴልፍት ዝምታ አልተፈቀደም።

ኅብር የለመደ ጆሮ ቁርጥ መልስን እንደ ድህነት ይቆጥራል። ነገር ግን በጋይንት ቤተልሔም ድጓ የሚያስመሰክር ተማሪ ምልክቱን ወይ ይዟል ወይ ስቷል፤ «እንደ አተረጓጎሙ ነው» ብሎ ማለፍ የለም። የዓለምም እንግዳ ጠባይ የተገለጠው አዎንና አይደለም አንድ በአንድ ተቆጥረው ነው።

ባለቅኔዎች ሆይ፣ ወይ ንጽጽሩን ተዉት፣ ወይ ቁጥሩን ተማሩት!