የጽጌረዳው ዘንግ ወደ ማሳው ይመለስ

ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ፣ ሆለታ ዙሪያ ከሚገኙት እርሻዎች ወደ ውጭ ስለሚላከው ጽጌረዳ ብዙ ይባላል፤ እዚሁ ስለሚቀረው ግን እምብዛም አይነሳም። አንገቱ የጎበጠ፣ ዘንጉ ያጠረ ወይም ነጠብጣብ የታየበት አበባ ከማሸጊያው ክፍል ይመለሳል። በየጊዜው የሚገረዘው ቅርንጫፍና ቅጠል ሲጨመርበት ክምሩ ይገዝፋል። ይህን መጣልም ማቃጠልም ሀብት ማባከን ነው። ተገቢ ቦታው የምዕራብ ሸዋ ገበሬ ማሳ ነው።

በዚህ ደጋ ብዙው ቀይ አፈር አሲዳማ ነው። የዝናቡ ብዛት ካልሲየሙንና ማግኒዚየሙን አጥቦ ሲወስድ አሉሚኒየም የሰብሉን ሥር ይጎዳል፤ ፎስፈረሱም በአፈሩ ይታሰራል፤ ገበሬው በውድ ዋጋ የገዛው ማዳበሪያ የልፋቱን ያህል አይመልስለትም። ከዚህ ተረፈ ምርት የሚዘጋጀው ብስባሽ አሲዳማነቱን ለመቀነስ የሚጨመረውን ኖራ አይተካም፤ ሆኖም አሉሚኒየሙን ይይዛል፣ እርጥበት ያቆያል፣ የኖራውንም ሥራ ያግዛል።

በህንዷ ካንፑር ፉል የተባለው ድርጅት በቤተ መቅደስ የሚቀርበውን አበባ ሰብስቦ የዕጣን እንጨት ይሠራል፤ እኛስ ለምን አንሠራም የሚል ሊኖር ይችላል። የእኛ ተረፈ ምርት ግን በአመዛኙ ፀረ ተባይ የተረጨ ዘንግና ቅጠል ነው፤ ጭሱን ቤት ውስጥ ማስገባት አይበጅም። ይኸው ፀረ ተባይ በብስባሹም ላይ ስጋት ነው ቢባል ትክክል ነው። በደንብ የተዘጋጀ ክምር መሀሉ ከ55 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይሞቃል፤ ሲገለበጥ እንፋሎቱ ይወጣል፤ ብዙው በሽታ አምጪ ይሞታል፣ ከመድኃኒቱም ብዙው ይፈርሳል። ሁሉም ግን አይጠፋም። ስለዚህ ቅሪቱ በላቦራቶሪ ሳይመረመር አንድም ጆንያ ለገበሬ መድረስ የለበትም፤ ጥሬው ዘንግም ለከብት መኖ አይሰጥ።

ሁለተኛው ተቃውሞ ወጪ ነው። ብስባሽ ከባድ ስለሆነ ሩቅ ማጓጓዙ አያዋጣም፤ እርሻዎቹና ማሳው ጎረቤት መሆናቸው ግን ይህን ያቀላል። የማዘጋጃውን ወጪ እርሻዎቹ ይሸፍኑ፤ ተረፈ ምርቱን ማስወገድ ቀድሞም የእነሱ ግዴታ ነው። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ዓላማ ራሱ ቆሻሻን ወደ ጠቃሚ ሀብት መለወጥን ይጨምር ነበር። የሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከልና የአምቦ ዩኒቨርሲቲ ምርመራውን ቢያግዙ፣ ወረዳዎች ደግሞ ገበሬውን ከእርሻዎቹ ጋር ቢያገናኙ ሥራው ይጀመራል። ጽጌረዳው ያደገው በዚህ አካባቢ ውኃና መሬት ነው፤ ዘንጉን ለአፈሩ መመለስ ዕዳ መክፈል ነው።