የአሰብ የቆዩ ፎቶግራፎችና የኮምቦልቻ መንገድ

የባሕር በር ጉዳይ በተነሣ ቁጥር የአሰብ ወደብ የቆዩ ፎቶግራፎች ከእጅ ወደ እጅ ይዘዋወራሉ። መርከብ፣ ክሬን፣ በወደቡ መድረክ ላይ የተከመረ ጆንያ፣ ከበስተጀርባ ደግሞ ቀይ ባሕር። የብዙው ተመልካች ዓይን የሚያርፈው በመርከቡና በውኃው ላይ ነው። ለደሴና ለኮምቦልቻ ሰው ግን ከሥዕሉ ሁሉ ይበልጥ የሚናገረው ጠርዙ ላይ የሚታየው የጭነት መኪኖች ሰልፍ ነው። እነዚያ መኪኖች ጭነው ሲነሡ የአፋሩን ቡሬ፣ ሚሌንና ባቲን አልፈው ኮምቦልቻ ይገቡ ነበር። ወደቡን ለወሎ ወደብ ያደረገው ይህ መንገድ ነው።

እጅግ የቆዩት ሥዕሎች የጣሊያን ዘመን የፖስታ ካርዶች ናቸው። ጁሴፔ ሳፔቶ የተባለው ሚስዮናዊ በ1862 ዓ.ም. ሩባቲኖ ለተባለ የጣሊያን የመርከብ ኩባንያ አሰብን ከአካባቢው ሡልጣኖች ገዛ፤ ከ12 ዓመት በኋላ የጣሊያን መንግሥት ስፍራውን በእጁ አደረገ። በካርዶቹ ላይ የሚታየው ዝቅ ዝቅ ያሉ ቤቶች፣ ባለ ሸራ ጀልባዎችና ባዶ አሸዋ ነው። ትልልቅ መርከቦች ወደ ዳር መጠጋት ስለማይችሉ ርቀው ይቆማሉ፤ ጭነቱም በትንንሽ ጀልባ እየተመላለሰ ይራገፋል። ጣሊያኖች ምጽዋን ሲያለሙ አሰብን ለረጅም ጊዜ ችላ ብለውት እንደነበር ከሥዕሎቹ መረዳት አያዳግትም።

የደሴ ስም ከአሰብ ጋር በውል የተያያዘው በሐምሌ 1920 ዓ.ም. ነው። ኢትዮጵያና ጣሊያን የወዳጅነት ውል ሲፈራረሙ ከአሰብ እስከ ደሴ የመኪና መንገድ እንዲሠራና ኢትዮጵያ በአሰብ ለ130 ዓመት የምትጠቀምበት ነጻ ቀጣና እንዲኖራት ተስማምተው ነበር። መንገዱ ግን በውሉ መሠረት አልተሠራም። ከባሕር ተነሥቶ በቀጥታ ወደ ወሎ እምብርት የሚገባ ጎዳና ዕቃ ብቻ ሳይሆን ጦርም ሊያመጣ እንደሚችል በአዲስ አበባ ይታሰብ ነበርና። ሥጋቱ መሠረት እንደነበረው ከሰባት ዓመት በኋላ የተከፈተው ወረራ አሳየ። በመጨረሻ መንገዱን የጣለው ወራሪው ራሱ ነው።

ዛሬ በብዛት የሚዘዋወሩት ፎቶግራፎች ከዚያ በኋላ የመጡ ናቸው። ኤርትራ በ1945 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ከተዋሐደች በኋላ አንድ የዩጎዝላቪያ ኩባንያ ትልልቅ መርከቦች ተጠግተው የሚያራግፉበትን ዘመናዊ ወደብ በአሰብ ገነባ። በ1950ዎቹ መጨረሻ ደግሞ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የነዳጅ ማጣሪያው ሥራ ጀመረ። ቡናና ቆዳ ይወጣል፤ ብረት፣ ጨርቅና ማሽን ይገባል፤ ነዳጁ በቦቴ ይጫናል። የአሰብ ጨውም እስከ 1990 ዓ.ም. ድረስ በብዙ ኢትዮጵያውያን ጓዳ ነበር፤ አፍዴራ ቦታውን የያዘው ከዚያ ወዲህ ነው። ኮምቦልቻ በዚህ መስመር ላይ የደጋና የቆላ መገናኛ ሆነች። ከአፋር ሙቀት የወጣ ሾፌር የሚያድርባት፣ ረዳቱ ጎማ የሚያስጠግንባት፣ ነጋዴው ዕቃውን ለደሴና ለሰሜን ወሎ የሚያከፋፍልባት ከተማ ነበረች።

ለገበሬው ከሁሉ የከበደው ዘመን 1977 ዓ.ም. ነው። በዚያ ድርቅ ለወሎ የተላከው የእርዳታ እህል በዋነኛነት የገባው በአሰብ በኩል ነበር። ወደቡ እስኪጨናነቅ ድረስ መርከቦች ወረፋ ያዙ፤ የተራገፈው ስንዴም የሚያነሣው የጭነት መኪና አጥቶ በወደቡ ተከመረ። በዚያው ሰሞን በባቲና በቆረም መጠለያዎች ሰው በረሃብ ይሞት ነበር። ባሕሩ የራስ ነበር፤ ወደቡም የራስ ነበር። የጎደለው መኪና ነው፤ ከዚያም በላይ እርዳታው ቀድሞ አለመጠራቱና ጦርነቱ ነው። የዚያን ዘመን የወደብ ፎቶግራፍ በናፍቆት ብቻ የሚመለከት ሰው ይህን ሳያይ ያልፋል።

ኮምቦልቻ የአሰብን ገበያ ያጣችው በአንድ ቀን አልነበረም። በአዋሽ በኩል ሚሌ የሚያደርሰው ሜዳማ መንገድ ሲከፈት ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው ከባድ ጭነት ጣርማ በርን መውጣት ቀረለት። ስለዚህ መኪናው ከኮምቦልቻ መሸሽ የጀመረው ወሰን ሳይዘጋ ነው። ይህ በክርክሩ ውስጥ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል።

የሚዘነጋ ሌላም ዘመን አለ። ኤርትራ በግንቦት 1985 ዓ.ም. ነጻ አገር ከሆነች በኋላ አምስት ዓመት ሙሉ የኢትዮጵያ ጭነት በአሰብ መግባቱን ቀጥሎ ነበር። ሰንደቅ ዓላማው ተለውጧል፤ መኪኖቹ ግን ይመላለሱ ነበር። ኤርትራም እስከ ኅዳር 1990 ዓ.ም. ድረስ በብር ትገበያይ ነበር። ናቅፋ ሲታተም የንግዱ አለመግባባት ከረረ፤ ማጣሪያውም ቀደም ብሎ ቆሞ ነበር፤ በግንቦት 1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲጀመር መስመሩ ተቋረጠ። እንግዲህ ኮምቦልቻን ከአሰብ የለያት የባለቤትነት ለውጥ ብቻ ሳይሆን የውልና የሰላም መፍረስ ነው። አሰብም ቢሆን ሥራው ከሞላ ጎደል የኢትዮጵያ ጭነት ስለነበር ከዚያ ወዲህ ጸጥ ያለ ከተማ ሆነ። የወደቡ ጎታችና የአፋሩ ነጋዴ እንደ ኮምቦልቻው ሾፌር እንጀራቸውን አጥተዋል።

ዛሬ ከአገሪቱ የወጪና ገቢ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው በጅቡቲ ያልፋል። ከኮምቦልቻ ሲለካ አሰብም ሆነ ጅቡቲ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚርቁ በርቀት የሚተርፈው ነገር ትንሽ ነው። ልዩነቱ ያለው በምርጫ ማጣት ላይ ነው። አንድ በር ብቻ ያለው ቤት የበሩን ዋጋ መከራከር ይቸግረዋል፤ የወደብ ክፍያውም በውጭ ምንዛሪ ነው። በሰኔ ማሳው ላይ ዩሪያ የሚጠብቅ የደቡብ ወሎ ገበሬ በወደቡ ላይ የሚፈጠር እያንዳንዱ መጓተት ይደርሰዋል፤ ማዳበሪያው ሙሉ በሙሉ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ነውና።

ኮምቦልቻ በበኩሏ ደረቅ ወደብ አላት፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀ የኢንዱስትሪ ፓርክም አላት። ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ ሐራ ገበያ የሚደርሰው 392 ኪሎ ሜትር ገደማ የባቡር ሐዲድ በ2007 ዓ.ም. ግንባታው ቢጀመርም በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተማዋን ሲያዳርስ ጉዳት ደርሶበታል። ኤርትራ ሉዓላዊ አገር ናት፤ አሰብም ሰው የሚኖርበት ከተማ ነው። ስለሆነም ስለ ወደቡ የሚታሰበው ማንኛውም አማራጭ በድርድር ካልመጣ መንገዱ ዳግም የጦር መንገድ መሆኑ አይቀርም፤ የዚያን ዋጋ ደግሞ ሁለቱ ከተሞች በቅርቡ ከፍለውታል። በውጭ ከሚካሄደው ድርድር ጎን ለጎን አገር ውስጥ በእጅ ያለው ሥራ ሐዲዱን ወደ አገልግሎት ማስገባትና ከኮምቦልቻ በባቲ ሚሌ የሚያደርሰውን 130 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ በጥሩ ይዞታ ማቆየት ነው። የትኛውም ወደብ ቢመረጥ ጭነቱ በዚሁ መንገድ ያልፋል።

መንገዱ ለሁለት የሚከፈለው ከሚሌ፣ ከሠመራና ከሠርዶ ወዲያ፣ ዲቾቶ ላይ ነው። አንደኛው ወደ ጋላፊ ዞሮ ጅቡቲ ይገባል፤ ተሳቢዎቹ ሌሊትና ቀን ይመላለሱበታል። ሌላው በኤሊዳርና በማንዳ አድርጎ ቡሬ ይደርሳል። መስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የሁለቱ አገሮች መሪዎች በቡሬ በኩል ያለውን ወሰን ከፍተውት ነበር፤ ከወራት በኋላ ግን ተመልሶ ተዘግቷል።