የመውቂያ ማሽን አደጋ ከብየዳ ቤት ይጀምራል

የመኸር ሰብል በሚወቃበት ወቅት አውድማ ላይ የሞተር ድምፅ መስማት እየተለመደ መጥቷል። ጤፍና ስንዴ የሚወቁ፣ በቆሎ የሚፈለፍሉ ማሽኖች ከቀበሌ ቀበሌ እየተዘዋወሩ በኪራይ ይሠራሉ። ከእነዚህ መካከል በየከተማው ባሉ ብየዳ ቤቶች ከላሜራ፣ ከአንግል ብረትና ካገለገለ ኩሽኔታ የተሠሩ ይገኙበታል። እንደ መልካሳና አሰላ ባሉ የምርምር ማዕከላት የተሞከረው ቴክኖሎጂ አርሶ አደሩ ደጃፍ እንዲደርስ እነዚህ ባለሙያዎች ድርሻ አላቸው። ማሽኑ ሲበላሽም ጠጋኙ ቅርብ ነው።

ጥያቄው ከደኅንነት ላይ ይነሣል። በብየዳ ቤቶች መሥሪያ መሣሪያው ራሱ በእጅ የተሠራ ሆኖ መገኘቱ የተለመደ ነው። ከአሮጌ ሞተር የተሠራ መሞረጃ፣ በእጅ የተጠቀለለ የብየዳ ማሽን፣ ቺንጋው ያልተሸፈነ መቁረጫ ይታያል። ትልቅ ዲስክ ለማስገባት ሲባል የግራይንደር መከለያ የሚነቀልበት ጊዜም አለ።

ይህ የመጨረሻው ልማድ በቀላሉ የሚታይ አይደለም። 115 ሚሊ ሜትር ዲስክ የሚይዝ ትንሽ ግራይንደር በደቂቃ እስከ 11 ሺህ ጊዜ ይዞራል። 230 ሚሊ ሜትር ዲስክ ግን በደቂቃ ከ6 ሺህ 600 ዙር ገደማ በላይ እንዲዞር አልተሠራም። በትንሹ ግራይንደር ላይ ሲታሰር ጠርዙ በሰከንድ ከ130 ሜትር በላይ ይከንፋል፤ የሚችለው 80 ሜትር ነው። ሲፈነዳ ስብርባሪውን የሚያስቀረው መከለያ ደግሞ ቀድሞ ተነቅሏል። ልምድ እጅን ያፈጥናል እንጂ የሚፈነዳ ዲስክን አያቆምም።

ክፍት ቺንጋ አጠገብ መሥራት የለመደ ባለሙያ በሚሸጠው ማሽን ላይ ክፍት ቺንጋ መኖሩ እንደ ጉድለት ላይታየው ይችላል። የማጉረሻው አፍ ሲያጥር የአጉራሹ እጅ እስከ ከበሮው ይደርሳል። ጋቢና ፎጣ በቺንጋ ይያዛል። ድካምና ምሽት ሲጨመርበት አደጋው ይከፋል።

ይህን ችግር ሌሎችም አይተውታል። በህንድ የመውቂያ ማሽን የብዙ ገበሬዎችን እጅ በመቁረጡ እ.ኤ.አ. በ1983 አደገኛ ማሽኖችን የሚቆጣጠር ሕግ ወጥቷል። የአገሪቱ የጥራት ደረጃም ማጉረሻው ቢያንስ 90 ሴንቲ ሜትር እንዲረዝም፣ ከዚህም 45ቱ እንዲሸፈን ይጠይቃል።

በእኛ አገር የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የመከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብና ሠራተኛውን ስለ አደጋ እንዲያስገነዝብ ያስገድዳል። ሆኖም በደቦ የሚያግዝ ጎረቤት የማሽኑ ባለቤት ቅጥር ሠራተኛ አይደለም። ስለዚህ አውድማ ላይ ያለውን ሰው በቅጥር ሕግ ብቻ መጠበቅ አይቻልም።

ፈጣኑ መንገድ ግዢው ላይ ነው። ወረዳዎች ለማኅበራት ማሽን ሲያስገዙ ወይም ብድር ሲያመቻቹ የቺንጋ ሽፋንንና ረጅም ማጉረሻን የርክክብ ቅድመ ሁኔታ ማድረግ ይችላሉ። ወጪው ጥቂት ላሜራና ቡሎን ነው። አርሶ አደሩም ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት ሦስት ነገር ይመልከት፦ እጅ ከበሮው ጋ ይደርሳል ወይ? ቺንጋው ተሸፍኗል ወይ? ሞተሩን ከአጉራሹ አጠገብ ማጥፋት ይቻላል ወይ? እጅ ከተቆረጠ በኋላ የሚገጠም መከለያ፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።