የሳል ሽሮፕና የልጅ አንጎል

ልጅ ቦርሳ ውስጥ ሲጋራ ቢገኝ ቤቱ ይናወጣል። የሳል ሽሮፕ ጠርሙስ ሲገኝ ግን “ጉንፋን ይዞት ይሆናል” ብለን እናልፋለን። ኮዴይን ያለበት ከሆነ ባናልፈው ይሻላል።

ኮዴይን የኦፒየም ዘመድ ነው። ጉበት ውስጥ ከፊሉ ወደ ሞርፊን ይለወጣል። በሐኪም ትእዛዝ በልኩ ሲወሰድ ሳል ያበርዳል፤ በጠርሙስ ሲጋት ሱስ ያስይዛል። ናይጄሪያ ውስጥ በወጣቶች ዘንድ እጅግ በመስፋፋቱ፣ ቢቢሲ የምርመራ ዘገባ ባሰራጨበት ሰሞን እ.ኤ.አ. በ2018 መንግሥት ሽሮፑ እንዳይመረትና እንዳይገባ አገደ። ቻይናም በ2015 ቁጥጥሩን አጥብቃለች።

የቻይና ተመራማሪዎች በዚሁ ሽሮፕ ሱስ የተያዙ ሰዎችን አንጎል በኤም አር አይ አንስተው ከማይጠቀሙት ጋር አነጻጽረዋል። ልዩነት ከታየባቸው ቦታዎች አንዱ ከግንባር ጀርባ ያለው ክፍል ነው። “ቆይ፣ ነገስ?” የሚለን እሱ ነው፤ የመኪና ፍሬን በሉት። በሱሰኞቹ ላይ በዚህ አካባቢ የአንጎሉ መጠን ቀንሶ፣ ከደስታ ስሜት ማዕከል ጋር የሚሠራበት መንገድም ተለውጦ ተገኝቷል። ሳያስቡ የመወሰን ባሕርይን በሚለካው መጠይቅም ከፍ ያለ ነጥብ አምጥተዋል።

ምስሉ የተነሳው ከሱሱ በኋላ በመሆኑ፣ ፍሬኑ ቀድሞም የላላ ሰው ወደ ሽሮፑ አዘንብሎ ሊሆን ይችላል። “አንጎሉ ጠፋ፣ አለቀለት” ማለትም አይደለም። እኔን የሚያሳስበኝ ልጁን “ሁለተኛ አልነካም በል” ብለን የምናስምለው ነገር ነው። መሐላውን የሚጠብቀው ያው የደከመው ፍሬን ነው፤ በዚያ ላይ ይህ ክፍል በጤነኛ ልጅም ቢሆን እስከ ሃያዎቹ አጋማሽ በስሎ አያልቅም። አሥር ጊዜ ምሎ አሥር ጊዜ ቢያፈርስ ውሸታም ስለሆነ ብቻ አይደለም። ለጊዜው ፍሬን የሚሆኑት ቤተሰቦቹ ናቸው፦ የኪስ ገንዘቡን መመጠን፣ ጠርሙሱን መቆለፍ፣ ሐኪም ዘንድ አብሮ መሄድ።

ለእኛ ደግሞ የተለየ ስጋት አለ። እ.ኤ.አ. በ1996 በታተመ ጥናት፣ ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን ከመቶ 29 ያህሉ ኮዴይንን ወደ ሞርፊን የሚለውጠው ዘረ መል ተደራርቦ ተገኝቶባቸዋል። እንዲህ ያለው ሰው በተለመደው መጠን እንኳ ብዙ ሞርፊን በአንዴ ደሙ ውስጥ ሊገባ ይችላል። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2017 ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ኮዴይን እንዳይሰጥ ወስኗል፤ በማግስቱ ዓመት ደግሞ ኮዴይን ያለበትን የሳል መድኃኒት ከ18 ዓመት በታች ላሉት ሁሉ ከልክሏል። ስለዚህ አያቶች፣ ከውጭ ዘመድ የላከውን ሽሮፕ “ከእኔ ትንሽ ይቅመስ” ማለቱ ይቅር። መለያው ላይ ኮዴይን የሚል ካለ ፋርማሲስት ሳይጠይቁ ማንኪያ አይነሳ።

ምልክቶቹ የማያቋርጥ እንቅልፍ፣ የሆድ ድርቀትና እንደ መርፌ ጫፍ የጠበበ የዓይን ብሌን ናቸው። የለመደ ልጅ በድንገት ሲያቆም ያልበዋል፣ ያስቀምጠዋል፣ እንቅልፍ ያጣል፤ ይህን በሐኪም ክትትል ማለፍ ይቀላል። ተኝቶ አልነቃ ካለ፣ ትንፋሹ ከዘገየ ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ ግን ውሃ መድፋትና ቡና ማጠጣት ይቅርና ጠርሙሱን ይዛችሁ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።