ባጃጁ የት ይደር?



በዚህ ዓምድ ብዙ ጊዜ የምጽፈው ስለ ክትባት፣ ስለ ጡት ማጥባት፣ ስለ ስኳርና ስለ ደም ግፊት ነው። ዛሬ ግን ስለ ባጃጅ ማሳደሪያ ልጽፍ ነው። «ነርስንና የባጃጅ ግቢን ምን አገናኛቸው?» ትሉ ይሆናል። ትንሽ ታገሡኝ፤ ይገናኛሉ።

የልጅ ልጄ በቅርቡ ባጃጅ ገዛ። ገዛ ስላችሁ ሙሉውን ከፍሎ አይደለም። ከፊሉ የራሱ ቁጠባ፣ ከፊሉ የእናቱ ዕቁብ፣ የቀረው ብድር ነው። እኔም ከጡረታዬ ያስቀመጥኳትን ጨምሬበታለሁ። ስለዚህ ያቺ ባለ ሦስት እግር ጠዋት ተነሥታ ካልሠራች የሚጨነቀው አንድ ሰው ብቻ አይደለም።

መጀመሪያ ያሳደርናት እዚሁ ሳቢያን፣ ግቢያችን ውስጥ ነበር። አራት ቤተሰብ የምንጋራው ጠባብ ግቢ ነው። በሦስተኛው ቀን ማታ፣ ልጁ ከሥራ ገብቶ ገና ፊቱን ሳይታጠብ፣ የጎረቤታችን የሦስት ዓመት ሕፃን በኋላ በኩል ዞሮ የጋለውን ማርሚታ በመዳፉ ያዘው። ጩኸቱን ሰምቼ ወጣሁና እጁን ቧንቧ ሥር አድርጌ ሃያ ደቂቃ ያህል ውሃ አፈሰስኩበት። አንዷ የጥርስ ሳሙና፣ ሌላዋ ቅቤ ይዛ መጣች፤ ሁለቱንም መለስኩ። ለቃጠሎ የመጀመሪያው መድኃኒት ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ነው፤ ቅቤውም ሳሙናውም ሙቀቱን አፍነው ይይዙታል፣ ቁስሉንም ያቆሽሹታል። ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍነን ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድነው። እጁ ድኗል። የእናቱና የእኛ ሰላምታ ግን ለጊዜው ቀዝቅዞ ነበር፤ አልፈርድባትም።

በማግሥቱ ውጭ ማሳደሪያ ለመፈለግ ወጣን። እኔም አብሬ እንደምሄድ ስነግረው ሳቀ። «አንቺ ደግሞ፣ አያቴ! ለባጃጅ ማቆሚያ የሕሙማን ጉብኝት ልታደርጊ ነው?» አለኝ። የድሬ ልጅ አንቱታ አያውቅም፤ እኔም ለምጄዋለሁ። «አዎ፣ ጉብኝት ነው» አልኩት። ሦስት ግቢዎች አየን። ስማቸውንና ሰፈራቸውን ልተወው፤ ያየሁትን ልንገራችሁ።

የመጀመሪያው ግቢ ከሁሉም ርካሽ ነበር። ሰፊ ነው፣ መሬቱ አሸዋ ነው፣ ባጃጅ እንደ ልብ ይዞርበታል። ልጁ ወዲያው ወደደው። እኔ ግን አሸዋው ከየት መጣ ብዬ ጠየቅሁ። ከአጥሩ በስተጀርባ ደረቅ ወንዝ አለ።

ወላጆች፣ የእኛን ከተማ ወንዞች ታውቋቸዋላችሁ። ዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ናቸው፤ ሰው ያቋርጣቸዋል፣ ልጅ ኳስ ይጫወትባቸዋል፣ ሾፌር መኪና ያቆምባቸዋል። ከተማችን ከላይ ባሉት የሐረርጌ ተራሮች ግርጌ ስላለች፣ እኛ ጋ ጠብታ ሳይወርድ እንኳ ደጋው ላይ የዘነበው ዝናብ በድንገት ይደርስብናል። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ዓ.ም. ደቻቱ የመጣው እንዲሁ ነው፤ ሰው በተኛበት። በዚያ ሌሊት ከ200 በላይ ወገኖቻችን አለቁ፣ በሺዎች የሚቆጠሩት ቤት አልባ ሆኑ። እኔ ያኔ በሥራ ላይ ነበርኩ። የልጅ ልጄ ገና ይድህ ነበር። እሱ አሸዋውን ሲያይ ሰፊ ሜዳ ያያል፤ እኔ ሌላ ነገር አያለሁ።

«ከዚያ ወዲህ እኮ የጎርፍ መከላከያ ግንብ ተሠርቷል» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ተሠርቷል። ቢሆንም ግንብ ያለበትና የሌለበት ቦታ አንድ አይደለም፤ ግንብ ያለበትም ቢሆን ውሃ ቀዳዳ አያጣም። ስለዚህ ወንዝ ዳር ያለ ግቢ ስታዩ ሦስት ነገር አድርጉ። የአጥሩን ግድግዳ ከሥሩ እዩት፤ ጎርፍ ገብቶ ከነበረ የጭቃው መስመር ይታያል። የግቢውን ባለቤት ሳይሆን ጎረቤት ያሉትን አሮጊት ጠይቁ፤ እሳቸው የሚሸጡላችሁ ነገር የለም። በመጨረሻም በሩ በየትኛው ወገን እንደሆነ ተመልከቱ፤ መውጫው ወደ ወንዙ ከሆነ በጎርፍ ቀን መውጫ የለም ማለት ነው።

ሁለተኛው ግቢ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ነው፤ ከጎርፍ ደህና ነው። ስንገባ አንድ ጥግ ላይ ቤንዚን በሃይላንድ ፕላስቲክ ተሞልቶ በመደዳ ተደርድሯል። ነዳጅ ሲጠፋ ሾፌሮች እንዳይቸገሩ ነው አሉን። ከዚያ አሥር እርምጃ እንኳ በማይሞላ ርቀት ዘበኛው ከሰል አያይዞ ቡና ያፈላል። የጠጣነው ቡና ጥሩ ነበር፤ ግን እየጠጣሁ ዓይኔ ከፕላስቲኮቹ አልተነሣም።

የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል። እንደ ጭስ ወደ ላይ አይሄድም፤ መሬት ለመሬት ይሳባል፣ እሳት ያለበት ድረስ ሄዶ ይቀጣጠላል። በድሬ ሙቀት ደግሞ ትነቱ ይብሳል። ሃያና ሠላሳ ባጃጅ ጎን ለጎን በቆመበት ግቢ አንዱ ከተያያዘ ሌላውን ማትረፍ ከባድ ነው። የእሳት ማጥፊያ አለ ወይ ብዬ ጠየቅሁ። አለ፤ ቢሮ ውስጥ ተቆልፎበታል፣ ቁልፉ ባለቤቱ ጋ ነው፣ ባለቤቱ ሐረር ነው።

ይበልጥ ያስደነገጠኝ ግን ፕላስቲኩ ነው። በሥራ ዘመኔ ነዳጅን ውሃ መስሏቸው የጠጡ ልጆች ሲመጡ አይቻለሁ። ሃይላንድ ፕላስቲክ ለልጅ ውሃ ማለት ነው፤ መለያ ስለጻፋችሁበት አያነብላችሁም። አንድ ነገር በተለይ ለአያቶች ላስምርበት፤ ልጅ ቤንዚን ወይም ላምባ ከጠጣ እንዲያስመልሰው ብላችሁ ጣት አትክተቱበት፣ ወተትም አታጠጡት። የሚጎዳው ወደ ሆድ የገባው ብቻ አይደለም፤ ሲያስታውክ ወደ ሳንባ የሚገባው የባሰ ነው። የተበከለ ልብሱን አውልቁለት፣ ቆዳውን እጠቡለት፣ የጠጣበትን ዕቃ ይዛችሁ በፍጥነት ወደ ሕክምና ሩጡ። የልጅ ልጄ ያን ቀን አንድ ነገር ቃል ገባልኝ፤ ቤንዚን በፕላስቲክ ወደ ቤት አያመጣም።

ሦስተኛው ግቢ በዋጋ ከመጀመሪያው በወር 300 ብር ይበልጣል። መሬቱ ከፍ ያለ ነው፣ ግማሹ ቆርቆሮ ክዳን አለው፣ የእሳት ማጥፊያውና የአሸዋ ባልዲው በር ላይ ተቀምጠዋል። «ይኸው፣ አገኘን!» አለ ልጁ። እኔ ግን ሁለት ነገር ቀረኝ።

አንደኛው ጀርባው ላይ የተከመረው አሮጌ ጎማ ነው። አንዱን ዘንበል ሳደርገው ውሃ ፈሰሰ፤ ውሃው ውስጥ እጭ ይዋኛል። ድሬዳዋ በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ በደንጊ፣ በ2011 ክረምት በቺኩንጉንያ መታመሟን የማያስታውስ ቤተሰብ የለም። መገጣጠሚያው እንደ ተቆረጠ ሆኖ ሳምንታት ያነከሰ ስንት ሰው አለ! ሁለቱንም የምታስተላልፈው ትንኝ የምትራባው እንዲህ ባለ በታቆረ ውሃ ነው፤ የምትነድፈው ደግሞ በቀን ስለሆነ የማታ አጎበር ብቻውን አያስጥልም። እንቁላሏም በደረቀ ጎማ ግድግዳ ላይ ለወራት ቆይቶ ዝናብ ሲያገኝ ይፈለፈላል። በ2014 ለተነሣው የወባ ወረርሽኝ ዋና ተጠያቂ የሆነችው፣ ከእስያ የመጣችው የከተማ የወባ ትንኝም በርሜልና ታንከር ውስጥ መራባት ትወዳለች። ልጃችሁ ጠዋትና ማታ የሚቆምበት ግቢ የትንኝ ማርቢያ ከሆነ በሽታውን የሚያመጣው ቤት ድረስ ነው። ለግቢው ኃላፊ ይህን ስነግረው መጀመሪያ ቅር አለው። በኋላ ግን «እማማ፣ እኔም እኮ በቺኩንጉንያ ወር ሙሉ ተኝቻለሁ» አለና ጎማዎቹን ክዳኑ ሥር ሊያስገባ፣ በርሜሉንም ሊከድን ተስማማ። በሳምንቱ ሄጄ አየሁ፤ አድርጎታል።

ሁለተኛው የአደራደሩ ነገር ነው። ባጃጆቹ አንዱ ከአንዱ ኋላ በአራት ረድፍ ይቆማሉ። ከኋላ ያለው የሚወጣው የፊቶቹ ሲወጡ ነው። «ሌሊት ስምንት ሰዓት ብንመጣስ?» ብዬ ዘበኛውን ጠየቅኋቸው። «ሌሊት ማን ይወጣል?» አሉኝ።

ምጥ ይወጣል። አስም ይወጣል። ትኩሳቱ አልበርድ ብሎ ማንቀጥቀጥ የጀመረው ሕፃን ይወጣል። ከሰፈር ወደ ሆስፒታል በሌሊት ስንት እናት በባጃጅ እንደመጣች እኔ ምስክር ነኝ፤ አምቡላንስ እስኪደርስ ቆሞ መጠበቅ የማይቻልበት ጊዜ አለ። በአንድ ሰፈር ባጃጅ ያለው ወጣት ቢወድም ባይወድም የሌሊት ተረኛ ነው። ስለዚህ በር አጠገብ ቦታ እንዲሰጠን፣ የዘበኛውም ስልክ እንዲኖረን ተስማማን። ቁልፍ ግን እኛው ጋ ይሆናል። «ገፍተን እናስተካክላለን» የሚሉ ከሆነ ፍሬኑን ለቆ መግፋት ይቻላል፤ የሞተር ቁልፍ ለማንም አይተውም።

ከመክፈላችን በፊት ወረቀት ጻፍን። ታርጋውን፣ የሻንሲ ቁጥሩን፣ የገባበትንና የሚወጣበትን ሰዓት፣ ቢጠፋ ወይም ቢጎዳ ተጠያቂው ማን እንደሆነ በግልጽ አሰፈርን። ልጁ በስልኩ አራቱንም ጎን ፎቶ አነሣ፤ የተጫረው የት ጋ እንደሆነ በኋላ ክርክር እንዳይኖር። ብዙ ወጣቶች «ኢንሹራንስ አለኝ» ይላሉ። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ የሆነው የሦስተኛ ወገን መድን በተሽከርካሪው ለተጎዳ ሌላ ሰውና ለሌላ ሰው ንብረት ነው፤ የራሳችሁ ባጃጅ ቢሰረቅ፣ ቢቃጠል ወይም ጎርፍ ቢወስደው አይከፍልም። ለዚያ ለብቻው የሚገባ መድን አለ። ብድር ያለበት ንብረት ሲሆን ደግሞ ባጃጁ ቢጠፋም ዕዳው አይጠፋም።

የልጅ ልጄ የ300 ብሩን ልዩነት አጉረመረመበት። «በዓመት እኮ 3,600 ብር ነው፣ አያቴ!» አለኝ። ሒሳቡ ልክ ነው። የመጀመሪያውን ወር ልዩነት እኔ ከፈልኩ።

ከዚያ አንድ ሌሊት ዝናብ መጣ። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነቃሁ። ቆርቆሮው ይደበደባል፣ ከሩቅ ያ የማውቀው የጎርፍ ድምፅ ይሰማል፤ ድንጋይ እየተንከባለለ እንደሚመጣ ነው። ተነሥቼ ወደ ሳሎን ወጣሁ። ልጁም ነቅቶ ፍራሹ ላይ ተቀምጧል። ስልኩን ይዟል፣ ጫማውን ግን አላደረገም። ተያየን። «ያለችበት ቦታ ደህና ነው» አለኝና ተመልሶ ጋደም አለ።

የወንዝ ዳሩን ግቢ ይዘን ቢሆን ኖሮ ያን ሰዓት የት ይሆን ነበር? አውቀዋለሁ። በጨለማ እየሮጠ ወደ ጎርፉ ይሄድ ነበር፤ ያለ ዕቁብ፣ ያለ ብድር የተገዛች ባትሆንም እንኳ ይሄድ ነበር። ከጎርፍ ከወጡ በኋላ ንብረት ለማትረፍ ተመልሰው የገቡ ሰዎችን ታሪክ ሰምቻለሁ። በጠዋት ሄደን ስናይ ባጃጇ እርጥብ እንኳ አልነበረችም። ቀጣዩን ወር 300 ብር ራሱ ከፈለ፤ ስለ ሒሳቡም ደግሞ አላነሣም።

ልጃችሁ ወይም የልጅ ልጃችሁ ባጃጅ፣ ሞተር ሳይክል ወይም መኪና ይዞ ማሳደሪያ ሲፈልግ አብራችሁ ውጡ። ውሃው በየት እንደሚሄድ፣ እሳቱ የት እንደሚነድ፣ ጎማው ውስጥ ምን እንደሚዋኝ፣ በሩ በሌሊት ለማን እንደሚከፈት ጠይቁ። ሊስቁባችሁ ይችላሉ፤ ይሳቁ።

ቸር ሰንብቱ።